‹ክሪፕ› አዝማቹ ላይ ለምን አይፈነዳልንም?

ጥያቄው ከሐዋሳ ነው። አጠር ሳደርገው እንዲህ ይላል፦ «አምስት ሆነን ባንድ አለን። ዓርብ ዓርብ ማታ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል እንጫወታለን። እኔ ኪቦርድ ነኝ። የሬዲዮሄድን ‹ክሪፕ› ስንጀምር ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ቀዝቀዝ ይላል። ኮርዱ ልክ ነው፣ ቴምፖውም ልክ ነው። ልጆቹ ሲቀዱት ምን አድርገውበት ነው? መጀመሪያ ሲወጣ ወድቆ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? በአማርኛ ግጥም ብንሠራውስ ችግር አለው?» ከጥያቄው ጋር በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮም አለ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ድምፃዊያችሁ ጎበዝ ነው። ድራመራችሁ አይቸኩልም፤ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት፣ የማይቸኩል ድራመር ማግኘት ቀላል አይደለም። ችግሩ በአብዛኛው አንተ ጋ ነው ያለው፣ ወንድሜ። አትቀየመኝ። ለምን እንዳልኩ ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ ካወራን በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ባንዱ፣ ሬዲዮሄድ ማለቴ ነው፣ የተመሠረተው በ1985 ነው። (ከመጨረሻው አዋጅ በቀር እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ልጆቹ እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን አንድ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ናቸው። የሚለማመዱት ዓርብ ዓርብ ስለነበር የመጀመሪያ ስማቸው ‹ኦን ኤ ፍራይደይ› ነበር። እንደ እናንተው የዓርብ ልጆች። በ1991 ከሙዚቃ አሳታሚው ከኢኤምአይ ጋር ሲፈራረሙ ኩባንያው ስም ቀይሩ አላቸውና ሬዲዮሄድ ሆኑ።

‹ክሪፕ› ከዚያም ይቀድማል። ድምፃዊው ቶም ዮርክ የጻፈው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ የወደዳትን ልጅ ዓይኗን ማየት አይችልም። እሷ ከሱ በላይ ናት ብሎ ያምናል። ራሱን ይጠላል፣ እዚያ ቦታ መገኘቱም ስህተት ይመስለዋል። አልመጥናትም የሚል ዘፈን ለእኛ አዲስ አይደለም። የእኛ ዘፋኝ ግን እሷን ከሰማይ ያደርሳታል እንጂ ራሱን እንዲህ አይሰድብም። ሐዋሳ ላይ ያ ዘፈን ሲጀመር ወጣቱ ስልኩን የሚያወጣው፣ በእኛ ዘፈን ውስጥ የማይባለውን ሌላ ሰው ስላለለት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቀረጻው። ዘመኑ 1992 ነው፣ ቦታው እዚያው ኦክስፎርድሺር ያለው ቺፒንግ ኖርተን ስቱዲዮ። ፕሮዲውሰሮቹ ሾን ስሌድና ፖል ኮልደሪ የሚባሉ ከአሜሪካ፣ ከቦስተን የመጡ ሰዎች ናቸው። የተጠሩት ሌሎች ሁለት ዘፈኖች ለመቅዳት ነው። ‹ክሪፕ› በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። በልምምድ መሀል ባንዱ ዝም ብሎ ተጫወተው። ሲጨርሱ ዮርክ ይህ የስኮት ዎከር ዘፈናችን ነው የሚል ነገር አጉተመተመ። በዘፋኙ በስኮት ዎከር መንገድ የተሠራ ለማለት ነው። አሜሪካኖቹ ግን የዎከር ዘፈን መሰላቸው። ወጣ ሲሉ፣ ምን ያደርጋል፣ ምርጡ ዘፈናቸው የሰው ነው ተባባሉ።

የታቀዱት ሁለት ዘፈኖች አልሆን አሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቆረ። በዚህ ጊዜ ኮልደሪ፣ ልጆቹ እንዲፍታቱ ብሎ፣ እስቲ ያንን ዘፈን ተጫወቱልን አላቸው። ተጫወቱት። እየተቀዳ ነበር። ሲያበቃ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። ዛሬ የምንሰማው እሱን፣ የዚያች የአንድ ጊዜዋን ቅጂ ነው፤ በኋላ የተጨመረው ጥቃቅን ነገር ነው። ዘፈኑ የራሳቸው መሆኑን ሲነግሩት ኮልደሪ ኢኤምአይ ጋ ደውሎ፣ ነጠላ ዘፈን ሆኖ መውጣት ያለበት ይህ ነው አለ።

ይህን ታሪክ ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል። በእኛ በቀረጻ ሥራ ግን በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው። ድምፃዊ «አሁን ዋናው ነው» ስትለው ጉሮሮው ይተሳሰራል። «የድምፅ ደረጃ ልለካ ነው፣ ዝም ብለህ ዝፈን» ስትለው ይለቀዋል። እኔ ራሴ ደረጃ እየለካሁ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ቀድቻለሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ ያላስወጣሁት ትንሽ ነው። ለሬዲዮሄዶች ያን ቀን ‹ክሪፕ› የሚጠብቁት ዘፈን አልነበረም። ስለዚህም አላስጌጡትም፣ ክፍተቱን አልሞሉትም።

ዋናው ነጥብ እሱ ነው። የዘፈኑ ጉልበት ያለው በተያዘው፣ ገና ባልተለቀቀው ነገር ውስጥ ነው። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉንም ትለቁታላችሁ።

ከጊታሩ ልጀምር። ከአዝማቹ ልክ በፊት፣ ሲ ማይነር የሚባለው ኮርድ ላይ፣ ያ የታወቀው ‹ክሽሽ› የሚል ምት አለ። የሊድ ጊታሪስቱ የጆኒ ግሪንውድ ነው። ጆኒ ዘፈኑ እንዲህ ዝግ ማለቱ አልተመቸውም ነበርና ጊታሩን እንደ ተናደደ ሰው መታው። ሌላኛው ጊታሪስት ኤድ ኦብራየን በኋላ ሲያስረዳ፣ ያ ድምፅ ጆኒ ዘፈኑን ሊያበላሽ ሲሞክር የሚሰማ ድምፅ ነው ብሏል። ሊያበላሸው የመታው ምት የዘፈኑ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

የእናንተን ጊታሪስት እጅ አቁሜ አየሁት። ምቱ ሲደርስ ሲ ማይነሩን ጨብጦ ነው የሚመታው። ኮርዱ ይሰማል፣ ያምራልም። መሆን ያለበት ግን እንዲህ አይደለም። ግራ እጁ ክሮቹ ላይ ጋደም ይላል፣ አይጫንም። ያኔ ከጊታሩ ኖታ አይወጣም። የሚወጣው ደረቅ የብረት ጩኸት ነው፣ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽንም የሚያጎላው እሱኑ ነው። ሰው የሚደነግጠው ድምፁ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ሙዚቃ ሲጠብቅ ሙዚቃ ያልሆነ ነገር ስለሚመጣበት ነው።

ሁለተኛ ነገር፣ ጊታሪስታችሁ የዲስቶርሽን ፔዳሉን ከመጀመሪያው ቨርስ (ከአዝማቹ በፊት ካለው ክፍል) ጀምሮ በትንሹ ከፍቶታል። ይዘጋው። ቨርሱ ላይ ጊታሩ ንጹሕ ሆኖ ኮርዱን አንድ በአንድ መልቀም ብቻ ነው ያለበት። ቆሻሻው ድምፅ በምቱ ሲመጣ ነው መጀመሪያ መሰማት ያለበት። ዝግ ብሎ ጀምሮ አዝማች ላይ መጮህን ሬዲዮሄድ አልፈለሰፉትም። ከነሱ በፊት የቦስተኖቹ ሮክ ባንድ ፒክሲስ በዚህ የታወቁ ነበሩ፣ ሌላው ባንድ ኒርቫና ደግሞ በ1991 ዓለምን አስለመደው። ሁሉም ግን አንድ ሕግ ይጠብቃሉ፦ ዝግ የሚለው ክፍል በእውነት ዝግ ይላል።

ስለ ኮርዱ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ጋ ለእኛ ጆሮ የሚጣፍጥ ነገር አለና። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አራት ኮርድ ነው። ጂ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሲ ማይነር። ቨርሱም አዝማቹም ብሪጁም (መሸጋገሪያው) ያው ነው። ኪቦርድህ ላይ አንዷን ድምፅ ብቻ ተከተል። ጂ ውስጥ ዲ አለች። ቢ ሜጀር ላይ ግማሽ ድምፅ ወጥታ ዲ ሻርፕ ትሆናለች። ሲ ላይ ደግሞ ወጥታ ኢ። ሲ ማይነር ላይ ወደ ኢ ፍላት ትመለሳለች። ከዚያ ዲ፣ ክቡም እንደገና ይጀመራል። ስትወጣም ስትወርድም የምትረግጣት ያቺኑ አንዲት ጥቁር ቁልፍ ነው። ስትወጣ ተስፋ አላት፣ ስትወርድ ልብ ትሰብራለች። ልጁ ቀና ሊል ሞክሮ አንገቱን የሚደፋው በግጥሙ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ትዝታን አስብ። ከሲ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ማይነሩ ላይ ኢ እና ኤ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ‹ክሪፕ› ሲ ሜጀርን ወደ ሲ ማይነር ሲያዞር የሚያወርዳት ኢ፣ ትዝታን ከሜጀር ወደ ማይነር ስናዞር የምናወርዳት ያችው ኢ ናት። የኛ ሰው ቲዎሪ ሳይማር ይህችን መውረድ ያውቃታል። ሙሉ ዘፈን በአንዱ ቅኝት ሲሄድ ነው የለመደው፤ እዚህ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሜጀሩን ሰጥተው ማይነሩን ይመልሱለታል። እዚያ ሐይቁ ዳር ሹካውን ያስቀመጠው ሰው፣ እንግሊዝኛው ባይገባው እንኳ፣ በዚህች ነው የተያዘው። ቤዝ ጊታሪስታችሁ ሲ ማይነሩ ላይ ብዙ ጌጥ ይሠራል። አይንካት፣ ዝም ብሎ ሲን ይያዝላት።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ። ቪዲዮው ላይ ከመጀመሪያው ባር ጀምሮ ስትሪንግ ዘርግተሃል። ሁለተኛው ቨርስ ላይ ፒያኖ ጨመርክ። አዝማቹ ላይ ኦርጋን። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሆቴልና የሠርግ ኪቦርዲስት የአምስት ሰው ሥራ ለብቻው ይሠራል። ብራሱም፣ ዋሽንቱም፣ ማሲንቆውም ሲያስፈልግ ከበሮውም አንተ ነህ። ዝም ካልክ ጎደለ ይባላል። እዚህ ዘፈን ላይ ግን ያ ስትሪንግ እንደ ወጥ ላይ ውሃ ነው፤ ሳህኑን ሞላው፣ ጣዕሙን ወሰደው። አዝማቹ ሲመጣ ክፍሉ ቀድሞ ሞልቷል። የሚፈነዳበት ቦታ የለም።

ቅጂውን በጥሩ ሄድፎን ስማው። ፒያኖው የት ነው ያለው? መጨረሻው ላይ ነው። ከጀርባው ያለው ነገር ደግሞ ደስ ይላል። ኮልደሪ ድምፆቹን ሲያዋህድ፣ ሚክስ ሲያደርግ፣ ፒያኖውን ማስገባት ረስቶት ቆይቶ፣ ያስገባው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ባንዱ ሰምቶ ይህ ይሻላል አለ፣ እንደዚያው ቀረ። ሌላው ሁሉ ጮኾ ካበቃ በኋላ ፒያኖው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ ዘፈኑ ሌላ በር የከፈተ ይመስላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢኖር ይህን ማን ይሰማው ነበር?

ስለዚህ የኔ ማዘዣ ይህ ነው። ዓርብ ‹ክሪፕ› ሲጀመር እጅህን ከቁልፉ አንሳ። ውሃህን ጠጣ። ቨርሱም ይለፍ፣ አዝማቹም ይለፍ፣ ድምፃዊው ብሪጁ ላይ ጣራ ሲነካም ዝም በል። ሁሉም ረግቦ የመጨረሻው ዙር ሲመጣ ያኔ በፒያኖ ድምፅ ብቻ ግባ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «ኪቦርዱ ምን ሆነ?» ብሎ ከጠየቀ ጥሩ ምልክት ነው።

ሳውንድ ማኑንም አናግሩት። ቪዲዮው ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ቨርሱ ላይ ፌደሩን (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን) ከፍ አደረገው፣ አዝማቹ ሲመጣ ደንግጦ አወረደው። ከሱ አንጻር ልክ ነው፣ እራት የሚበላ ሰው አለ። ግን ባንዱ የለፋበትን ልዩነት በሁለት ጣቱ አስተካክሎ ጨረሰው። ቀድማችሁ በሳውንድ ቼክ አዝማቹን በሙሉ ኃይል ተጫወቱለት፣ ጣሪያውን በዚያ ይለካ፣ ከዚያ እጁን ያንሳ። ቨርሱ ላይ የሹካና የሰው ድምፅ ቢሰማ ይሰማ። ሰው ራሱ ዝም ይላል። ቴምፖውን በተመለከተ ቅጂው በደቂቃ ወደ 92 ምት ነው፣ እናንተም እዚያው ናችሁ፣ አትንኩት።

ሁለተኛው ጥያቄህ፦ ወድቆ ነበር ወይ? አዎ፣ ያውም በአገሩ። ነጠላ ዘፈኑ የወጣው መስከረም 21 ቀን 1992 ነው፤ በእኛ መስከረም 11 ቀን 1985። መጀመሪያ ላይ የተሸጠው ወደ 6,000 ቅጂ ነው። በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 78ኛ ሆኖ ቆመ። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ስሜት የሚያጨልም ነው ብሎ ከዝርዝሩ አስወጣው። እዚያ አገር በዚያ ዘመን ሬዲዮ 1 ካላጫወተህ የለህም ማለት ነው።

ያነሳው ያልታሰበ አገር ነው፦ እስራኤል። ዮአቭ ኩትነር የሚባል የሬዲዮ ሰው ደጋግሞ አጫወተውና ዘፈኑ እዚያ የሕዝብ ዘፈን ሆነ። ባንዱም ሄዶ ተጫወተ። ስፔን፣ ኒውዚላንድና ስካንዲኔቪያም ተከተሉ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ በምዕራቡ ዳርቻ ወደሌሎቹ ጣቢያዎች ተዛመተ። ዘመኑም ረዳው። ከኒርቫና በኋላ የአሜሪካ ሬዲዮዎች ራሱን የሚጠላ ወጣት የሚዘፍንበትን ጊታር እየፈለጉ ነበር። ‹ክሪፕ› በቢልቦርድ የዘመናዊ ሮክ ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በዋናው የመቶዎቹ ሰንጠረዥ 34ኛ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው እንግሊዝ የነቃችው። በ1993 መስከረም እንደገና ሲወጣ 7ኛ ገባ። ያው ዘፈን፣ ያው ቅጂ፣ ከዓመት በኋላ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚለው ለሬዲዮ ጣቢያም ይሠራል። እኔን የሚገርመኝ ግን የሬዲዮ 1 ጆሮ ስህተት አለመሆኑ ነው። ዘፈኑ በእርግጥ ያጨልማል። ሰው ጠዋት ቡና እየጠጣ የሚፈልገው ዘፈን አይደለም። እነሱ የፈረዱት ለጠዋት ነው፣ ሰሚው ግን ለማታ ነው የፈለገው።

በነገራችን ላይ፣ አዝማቹ ሊገባ ሲል ያለችውን ስድብ ድምፃዊያችሁ እንዳለች ይላታል። ቤተሰብ ይዞ እራት የወጣ ሰው ስላለ ተዉአት። ባንዱ ራሱ ለሬዲዮ ብሎ ስድቧን በሌላ ቃል ተክቶ የቀዳው ቅጂ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ፣ ምንም አይጎድልበትም።

ዝናው ለባንዱ ሸክም ሆነ። ኮንሰርት ላይ ሰው ‹ክሪፕ›ን ሰምቶ ይወጣ ጀመር። በ1994 ያወጡት ‹ማይ አይረን ለንግ› የተባለው ዘፈን የዚያ ብስጭት ውጤት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከመድረክ ጨርሶ ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም። በ2001 በራሳቸው ከተማ ኦክስፎርድ፣ ሳውዝ ፓርክ ላይ ሲጫወቱት ለብዙ ሰው ያልተጠበቀ ስጦታ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሲያሻቸው ነው።

የአማርኛው ጉዳይ ቀረ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ‹ክሪፕ› ራሱ በዜማ መብት ጣጣ ገብቷል። ዘ ሆሊስ የሚባለው ባንድ በ1974 ታዋቂ ያደረገው ‹ዚ ኤር ዛት አይ ብሪዝ› የሚል ዘፈን አለ፤ የአልበርት ሃሞንድና የማይክ ሄዝልዉድ ድርሰት ነው። ከ‹ክሪፕ› ጋር የኮርድ አካሄዱም፣ ከዜማው የተወሰነውም ይገናኛል። የመብቱ ባለቤቶች ጠየቁ፣ ሁለቱም ሰዎች ተባባሪ ደራሲ ተብለው ተመዘገቡ፣ ከገቢውም ድርሻ ተሰጣቸው። ‹ክሪፕ› ላይ የምታርፍ እጅ የሁለት ዘፈን ባለቤቶችን ትነካለች ማለት ነው።

የኛም ሕግ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራን መተርጎምና አሻሽሎ መሥራትን የደራሲው መብት አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ የአማርኛ ግጥም አልብሳችሁ ለመቅዳትና ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ከአሳታሚዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ‹የሰፈር ባንድ ነን፣ ማን ያየናል› አትበሉ፤ ዩቲዩብ ዜማ የሚያነጻጽር ማሽን አለው።

እውነቱን ለመናገር ትርጉሙም አያጓጓኝም። ከባድ ጊታርና አማርኛ አብረው እንደሚሄዱ ጃኖ ባንድ በ2012፣ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ባደረገው ‹ኤርታሌ› በተባለው አልበም አሳይቷል፤ የሰው ዘፈን መተርጎም አላስፈለገውም። እናንተም ሜጀር ትዝታን ወደ ማይነር የምታወርድ የራሳችሁን ነገር ሥሩ። ቨርሱን ባዶ ተዉት፣ አዝማቹን ጫኑት። ዜማው ከ‹ክሪፕ›ም ከሆሊሶቹም መራቁን ደግሞ ሁለቱንም ዘፈን በደንብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይስማላችሁ፤ የራስ ጆሮ ለራስ ዜማ ዳኛ አይሆንም። ዴሞውን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ ከስልክ ቪዲዮ ይልቅ በቀጥታ ከሚክሰሩ የተቀዳ ቢሆን ይመረጣል።